ከካውንተር እስከ ቆጥ፦ በዱባይ ተራ ሜሽ ዋይፋይ ሲገጥሙ

በመርካቶ ዱባይ ተራ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ዛሬ ያለ ኢንተርኔት ግማሽ ቀን እንኳ በቅጡ አይሠራም። ደንበኛው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ይከፍላል፤ ባለሱቁ ገንዘቡ መግባቱን በስልኩ ያረጋግጣል። ከዱባይና ከጓንዡ የሚመጣው ዕቃ ፎቶው በቴሌግራም ቀድሞ ይደርሳል፤ ካሜራው ማታ ከቤት ሆኖ ይታያል። ይህን ሁሉ የተሸከመው አንድ ራውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋይበሩ በገባበት ጥግ፣ ከመደርደሪያ ጀርባ ተሸጉጦ ነው የሚገኘው። ካውንተሩ ጋ ሲደርስ ዋይፋዩ ይደክማል፤ ቆጥ ላይ ይቆራረጣል፤ ፎቅ ላይ ያለው መጋዘን ውስጥ ጨርሶ የለም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብሎ የሚሸጠው ሜሽ ዋይፋይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ራውተሮች እርስ በርስ ተያይዘው፣ በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ቤቱን ሁሉ ያዳርሳሉ። መፍትሔነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ውድ ሣጥን በመግዛት ሲሆን ውጤቱን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ሣጥኖቹ የት እንደተቀመጡ፣ እርስ በርሳቸው በምን እንደተገናኙና መብራታቸውን ከየት እንደሚያገኙ ከካርቶኑ ላይ ስም ይበልጣል። ይህ መመሪያ ለዱባይ ተራ ባለሱቅ የተጻፈ ቢሆንም፣ ዕቃውን ከዚያው ገዝቶ መኖሪያ ቤቱ ለሚገጥምም ይሠራል።

መጀመሪያ የሚገባውን መስመር ይለኩ

ሜሽ ኢንተርኔት አያመርትም፤ የገባውን ያከፋፍላል እንጂ። ስለዚህ አንድ ብር ሳያወጡ ላፕቶፕ ይዘው ፋይበሩ ከሚገባበት ሞደም ጋር በኬብል ያገናኙና ፍጥነቱን ይለኩ። አንዴ ጠዋት ገበያው ሳይደምቅ፣ አንዴ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ግርግሩ ሲበረታ ያድርጉት። በኬብል የተለካው ፍጥነት ራሱ በውልዎ ላይ ካለው እጅግ ዝቅ ካለ ጉዳዩ የኦፕሬተሩ ነው፤ አሥር ሜሽ ቢገጥሙ አይድንም። ሞደሙ ላይ ኤልኦኤስ ተብሎ የተጻፈባት መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ካለች ደግሞ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፤ ፋይበሩ ተቆርጧል ወይም ክፉኛ ታጥፏል ማለት ነው። የፋይበሩን ጫፍ ነቅለው በዓይንዎ አይመልከቱ፤ በውስጡ የሚያልፈው የማይታይ ጨረር ዓይን ይጎዳል።

በኬብል ሲለካ ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ሲለካ ከወደቀ ሜሽ የሚረዳው እርስዎን ነው።

ከሪፒተር በምን ይለያል?

ርካሹ ሪፒተር ሲናገር መስማት የማይችል መልእክተኛ ማለት ነው። ከዋናው ራውተር የተቀበለውን በዚያው ቻናል መልሶ ስለሚያሰራጭ ፍጥነቱ በግምት በግማሽ ይወርዳል። ሁለተኛ ሪፒተር ከመጀመሪያው ላይ ሲቀጥሉ ደግሞ የግማሹ ግማሽ ይሆናል። ሜሽ ይህን በሁለት መንገድ ያቃልላል። አንደኛው ሣጥኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የተለየ ሞገድ መመደብ ነው፤ ሦስት ሞገድ ያላቸው ውድ ሞዴሎች የሚያደርጉት ይህን ነው። ሁለተኛው ሣጥኖቹን በኬብል ማገናኘት ነው። እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ሁለተኛውን ነው። በኬብል የተገናኙ ሁለት መካከለኛ ሣጥኖች፣ ሶሌታ አቋርጠው በአየር ከሚነጋገሩ ሦስት ውድ ሣጥኖች ይሻላሉ።

ሌላው ጥቅም ስልክዎ ከካውንተር ወደ ፎቅ ሲወጣ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ጥሪው ሳይቋረጥ መዛወሩ ነው። የሚዛወርበትን ሰዓት የሚወስነው ግን በዋናነት ስልኩ ራሱ እንጂ ራውተሩ አይደለም፤ ያረጀ ስልክ የደከመውን ሣጥን ሙጭጭ ብሎ ሲይዝ ቢያዩ የገጠመልዎትን ልጅ አይውቀሱ።

ካርቶኑን ከነዋጋው ያንብቡ

ካርቶን ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር የሁለት ሞገዶች የንድፈ ሐሳብ ፍጥነት ድምር ነው። ኤሲ 1200 የሚለው በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 867 ሜጋቢት ተደምሮና ተጠጋግቶ የመጣ ነው። ኤኤክስ 3000 የሚለውም እንዲሁ የ574 እና የ2402 ድምር ነው። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ አንዱን ሞገድ ብቻ ስለሚይዝ ድምሩን የሚያገኝ ሰው የለም። የገባልዎት መስመር 50 ሜጋቢት ከሆነ ሁለቱም ይበቁታል፤ ልዩነቱ የሚታየው ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ነው፤ ኤኤክስ ወይም ዋይፋይ 6 የተባለው በዚያ ይሻላል።

ሻጩን የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ከዚህ የተለዩ ይሁኑ። እያንዳንዱ ሣጥን የኬብል ቀዳዳ አለው? አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ዋናው ብቻ ነው ያለው፤ እንዲህ ያለውን ይተዉት። ቀዳዳው ስንት ሜጋቢት ያሳልፋል፣ 100 ነው ወይስ 1000? አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው መግቢያ ከ100 እስከ 240 ቮልት ነው? ከአሜሪካ የመጣ ባለ ጠፍጣፋ እግር ዕቃ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ሞዴልም ይመጣል፤ የማስተካከያ ገጹ በቻይንኛ ብቻ ሆኖ ሊያስቸግርዎት ስለሚችል ከመክፈልዎ በፊት ይታይ።

ካርቶኑን ሻጩ ፊት ያስከፍቱ። በካርቶኑና በዕቃው ጀርባ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ፤ ሣጥኖቹን ሶኬት ላይ ሰክተው፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው መልሰው በራስዎ ስልክና በራስዎ አካውንት ያገናኟቸው። ቀድሞ በሌላ ሰው አካውንት የተመዘገበ ያገለገለ ዕቃ ቤት ከደረሱ በኋላ አልከፈት ሊልዎት ይችላል። ደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ፤ ዋስትናውም በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን። ዕቃውን ለድርጅት ወይም ለሕንጻ በብዛት የሚገዙ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ያገኘ መሆኑን አስመጪውን ይጠይቁ።

ሦስት ሣጥን ባለበት ካርቶን አይጓጉ። ለአንድ ሱቅና ከላዩ ላለ ቢሮ ሁለት ይበቃል። ሣጥን በበዛ ቁጥር ሞገድ ከሞገድ ይጋጫል።

ቦታ መምረጥ፦ ሥራው እዚህ ነው

ስልክዎ ላይ የዋይፋይ ጥንካሬ የሚለካ ነጻ መተግበሪያ ይጫኑ፤ ለአንድሮይድ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባለው ይበቃል። መተግበሪያው ጥንካሬውን በዲቢኤም ያሳያል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ጥሩ ነው። -50 አካባቢ በጣም ጠንካራ ነው፤ እስከ -65 ድረስ ለሁሉም ሥራ ይሆናል፤ -70 ላይ የቪዲዮ ጥሪ መቆራረጥ ይጀምራል፤ -80 ላይ ስልኩ ተገናኝቻለሁ ቢልም ምንም አይሠራም። ከዋናው ራውተር ተነሥተው በቀስታ እየተራመዱ በወረቀት ላይ የሱቁን ንድፍ ሥለው ቁጥሮቹን ይጻፉበት።

አሁን የብዙ ሰው ስህተት ወደሚፈጠርበት ደረስን። ሁለተኛው ሣጥን የሚቀመጠው ዋይፋይ በሌለበት ቦታ ይመስላል፤ አይደለም። እዚያ ካስቀመጡት ራሱም ከዋናው ምንም ስለማይደርሰው የሚያከፋፍለው ያጣል። ቦታው ከዋናው የሚመጣው ጥንካሬ ገና ከ-55 እስከ -65 ባለበት፣ ከጨለማው ቦታ በፊት ነው። በኬብል የሚያገናኙት ከሆነ ብቻ በፈለጉበት ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ኬብሉን የምመክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይወቁ። መስታወት፣ ቺፕውድና ጂፕሰም ሞገዱን ብዙም አያደክሙትም። ብሎኬት ይቀንሰዋል፤ ፌሮ የበዛበት ሶሌታ ክፉኛ ያደክመዋል። ቆርቆሮና የብረት በር ደግሞ ወደ መጣበት ይመልሱታል። ዱባይ ተራ ውስጥ ሱቅን ከሱቅ የሚለየው ላሜራ፣ ማታ የሚወርደው ተጠቅላይ በር፣ ከጀርባው በብር ቀለም የተቀባው ትልቅ መስታወትም ከዚህ ወገን ናቸው። ፎቅ ከፎቅ ለማሻገር ጥሩው መንገድ ደረጃው ነው፤ ሶሌታው የተከፈተው እዚያ ስለሆነ ሣጥኖቹን በደረጃው አፍ አካባቢ፣ አንዱን ከአንዱ በላይ በአንድ መስመር ያስቀምጡ።

ሌላ ከተማ የታተመ መመሪያ የማይነግርዎት አንድ ነገር አለ። የመርካቶ ሱቅ ግድግዳው በየሳምንቱ ይለወጣል። ኮንቴይነር በገባ ሰሞን መደርደሪያው እስከ ኮርኒስ ይሞላል፤ በአሉሚኒየም ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ፣ ስልክና ቻርጀር የታጨቀበት ካርቶን፣ ድስትና ማንቆርቆሪያ ሁሉ ሞገድ ይጋርዳሉ። ሱቁ ባዶ ሳለ ለክቶ የገጠመ ሰው በሳምንቱ ዕቃ ሲገባ ዋይፋይ ጠፋብኝ ይላል። ስለዚህ ሱቁ በሞላ ቀን ይለኩ። ሣጥኑንም ከመደርደሪያ ውስጥ አውጥተው ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርገው፣ ዕቃ ሊቆለልበት በማይችልበት ቦታ ይስቀሉት። ሌባ ፈርተው የብረት ሣጥን ውስጥ አይቆልፉበት፤ ሥራውን ነው የሚቆልፉበት። ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ወይም በብሎን የሚታሰር ማቀፊያ ይበቃል።

የጎረቤት ዋይፋይም አለ። ዱባይ ተራ ቆመው ስልክዎን ቢከፍቱ የሚደረደረውን የዋይፋይ ስም ብዛት ያዩታል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ ጎረቤት በብዛት ያልያዘውን ይምረጡና ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ ያድርጉት። ስልኮችና ላፕቶፖች ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይሂዱ፤ እዚያ ስፋቱን ከ80 ወደ 40 መቀነስ በተጨናነቀ ቦታ ፍጥነቱን የተረጋጋ ያደርገዋል። ብዙ ካሜራና ደረሰኝ ማተሚያ የሚሠራው በ2.4 ብቻ ስለሆነ ይህን ሞገድ ጨርሰው አያጥፉት። ሜሽዎ ቻናል ራሱ የሚመርጥ ከሆነ «ኔትወርኩን አሻሽል» የሚለውን ማዘዣ ማታ ሱቅ ዘግተው አያስነሡ፤ ጎረቤቶችዎ ራውተራቸውን አጥፍተው ስለሚሄዱ ሣጥኑ ባዶ ገበያ ነው የሚያየው። ረፋዱ ላይ፣ ሁሉም ሱቅ ተከፍቶ ሳለ ያስነሡት።

ኬብሉ

ካት 6 ወይም ካት 5ኢ ኬብል ይግዙ፤ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ከ100 ሜትር አይበልጥ። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ፦ ሙሉ መዳብና መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም። ሁለተኛው ርካሽና ቀላል ነው። ለመለየት አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ይፋቁ፤ ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ በቀላሉ ይሰበራል፤ በኬብሉ ውስጥ ኃይል የሚላክላቸው ካሜራዎችና ኮርኒስ ላይ የሚለጠፉ ሣጥኖች ሲገናኙበት ደግሞ ከመዳብ ይበልጥ ይሞቃል። ለእነዚህ ሙሉ መዳብ ካልሆነ እንዳይቀበሉ።

ጫፉን ራስዎ የሚያስሩ ከሆነ የተለመደው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ከስምንቱ አንዷ እንኳ ካልያዘች ፍጥነቱ ከ1000 ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል፤ «ዋይፋዩ ቀዘቀዘ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ኬብሉን ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይክተቱ። ጎን ለጎን መሄዳቸው የግድ ከሆነ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይተዉ፤ መሻገር ካለበት ቀጥ አድርጎ ይሻገር። የፋይበሩን ገመድ ደግሞ በሚስማር አይምቱት፤ ጠበብ አድርገውም አይጠቅልሉት።

ከአንድ ሕንጻ ወደ ሌላ ሕንጻ፣ በጣራ ላይ ወይም በመንገድ ማዶ የመዳብ ኬብል አይዘርጉ። የክረምት መብረቅ ቀጥታ ባይመታውም በአቅራቢያ ሲወድቅ ኬብሉ ላይ የሚፈጥረው ግፊት በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ያቃጥላል፤ የሁለቱ ሕንጻዎች ግራውንድ የተለያየ መሆኑም በራሱ አደጋ ነው። መጋዘንዎ ማዶ ከሆነ ፋይበር ያስዘርጉ ወይም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የሽቦ አልባ ድልድይ አንቴናዎች ይጠቀሙ።

መብራት፦ የማይቀለድበት

በጥቅምት 2017 እዚያው መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሣው ቃጠሎ በርካታ ሱቆችን እንዳልነበሩ አድርጓል። መርካቶ ውስጥ እሳት የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ ሱቅ ከሱቅ የተጣበቀ፣ መተላለፊያው የጠበበ፣ ዕቃው ሁሉ ተቀጣጣይ ነው። ራውተር ራሱ ጥቂት ዋት ብቻ የሚበላ ትንሽ ዕቃ ነው። አደገኛው የሚሰካበት መንገድ ነው።

ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አይቀጥሉ። ውኃ ማፍያ፣ ምድጃ ወይም ካውያ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ራውተር አይሰኩ፤ ላላ ያለ ሶኬት ሲሞቅ የሚያቀልጠው ከእሱ ጋር ያለውን ሁሉ ነው። ለሁለተኛው ሣጥን ሶኬት ከሌለ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው በብሬከር የተጠበቀ፣ ግራውንድ ያለው ሶኬት ያስወጡ። ይህ ወጪ ከሜሹ ወጪ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት እንጂ በኋላ የሚታይ አይደለም። ባለሙያው ሲበሳና ሲያገናኝ ብሬከሩ ይውረድ፤ መውረዱም በቴስተር ይረጋገጥ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይና በታች ቀጥታ ግድግዳ አይብሱ፤ ሽቦው የሚያልፈው እዚያ ነው።

ቆጡ ላይ የሚቀመጠው ሣጥን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ሽቶና ካርቶን የሚከማቸው እዚያ ነው፤ በላዩ ቆርቆሮ ጣራ ካለ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ይበረታል። አብዛኞቹ ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስ ሙቀት ነው። ከጣራው ዝቅ፣ ከዕቃው ራቅ አድርገው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ አዳፕተሩም ካርቶን ሥር እንዳይቀበር።

አዳፕተር ቢበላሽ በተገኘው አይተኩ። ቮልቱ ከቀድሞው ጋር እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የጫፉ ውስጥና ውጭ ምልክትም አንድ መሆን አለበት። 12 ቮልት 1.5 አምፒር የሚፈልገውን ሣጥን 12 ቮልት 1 አምፒር ቢሰኩለት ይነሣና ሥራ ሲበዛበት እየጠፋ ይነሣል፤ አዳፕተሩም ይግላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ በዝቶ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ራውተር የሚሞተው በዚያች ቅጽበት ነው። ከመጠን ያለፈ ቮልት የሚቆርጥ መከላከያ ያስቀድሙ። ኢንተርኔቱ በመብራት መጥፋት እንዳይቋረጥ ደግሞ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ባትሪ ጥሩ ነው፤ 12 ቮልቱን በቀጥታ ለሞደሙና ለራውተሩ ይሰጣል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ያስሉት። 10,400 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለው በውስጡ ባሉት የ3.7 ቮልት ባትሪዎች ተሰልቶ ነው፤ ሲባዛ 38 ዋት-ሰዓት ገደማ ይመጣል። ሞደሙና ራውተሩ በጋራ 15 ዋት ቢወስዱና ከባትሪው የተወሰነው በሙቀት ቢባክን ሁለት ሰዓት ያህል ያቆያል፤ ሙሉ ቀን አይደለም። 9 እና 12 ቮልት የሚቀያይር ማብሪያ ካለው ከመሰካትዎ በፊት የት ላይ እንዳለ ይመልከቱ። ፎቅ ላይ ያለው ሣጥን ለብቻው ሌላ ዩፒኤስ ካላገኘ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋም ይወቁ።

ደረቅ ዱቄት ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው የእሳት ማጥፊያ ካውንተር አጠገብ ይኑር። ጭስ ካዩ መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ፤ በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ አይድፉ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስልክ 939 ነው፤ ግድግዳው ላይ ይጻፉት።

ማገናኘት

ሁሉንም ሣጥኖች መጀመሪያ ከሞደሙ አጠገብ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ዋናውን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝተው በአምራቹ መተግበሪያ ያስጀምሩት፤ ቀጥለው ሌሎቹን አንድ በአንድ ያስመዝግቡ፤ ሶፍትዌራቸውንም እዚያው ያድሱ። ከዚያ ነቅለው ወደየቦታቸው ይውሰዷቸው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ መሰላል ላይ ሆኖ ለማስመዝገብ መሞከር ጊዜ መጨረስ ነው።

አንድ ምርጫ ይቀርብልዎታል፦ ሜሹ በራውተርነት ይሥራ ወይስ በአክሰስ ፖይንትነት? የኦፕሬተሩ ሞደም ራሱ ራውተር ስለሆነ ሁለቱም በራውተርነት ሲሠሩ ድርብ አድራሻ ይፈጠራል፤ ካሜራን ከሩቅ ማየትና አንዳንድ ጥሪዎች ይሰናከላሉ። ለአብዛኛው ሱቅ አክሰስ ፖይንት የሚለው ይሻላል። አንዳንድ ሞዴል በዚህ ሁኔታ የእንግዳ ዋይፋይ መለያውን ስለሚያጣ፣ ያ ከሆነ ኦፕሬተሩን ሞደሙን በብሪጅ እንዲያደርግልዎ ጠይቀው ሜሹን በራውተርነት ያቆዩት። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የሞደሙን የራሱን ዋይፋይ ያጥፉ፤ አለበለዚያ ስልኮች አሮጌውን ስም ይዘው ይቀራሉ፤ ሞገዱም ይጋጫል።

ቁልፉን መጠበቅ

ፋብሪካው የሰጠውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከሜሹም ከሞደሙም ላይ ይለውጡ። ጥበቃውን ደብሊውፒኤ3 ላይ፣ ያረጁ ስልኮችና ማተሚያዎች ካስቸገሩ ደብሊውፒኤ2 ላይ ያድርጉ። ደብሊውፒኤስ የሚባለውን በአንድ ጫን የሚያገናኝ ቁልፍ ያጥፉ፤ ድክመቱ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ የታወቀ ነው። የይለፍ ቃሉ ከ12 ፊደል ያላነሰ፣ የሱቅዎ ስልክ ቁጥር ያልሆነ ይሁን።

ከሁሉም በላይ ደንበኛን ከሂሳብዎ ይለዩ። ለደንበኛና ለአላፊ አግዳሚ የእንግዳ ዋይፋይ ይክፈቱ፤ ካሜራው፣ የሂሳብ ኮምፒውተሩና የሽያጭ መመዝገቢያው ባለበት መስመር ላይ አያስገቡ። ሠራተኛ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን በዚያው ቀን ይለውጡ። ከጎረቤት ሱቅ ጋር አንድ መስመር ተካፍለው ወጪውን ለመጋራት ካሰቡ ደግሞ ውልዎ የሚፈቅድ መሆኑን ኦፕሬተሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ጨረር የሚጨነቁ ሰዎች ይጠይቃሉ። የዋይፋይ ኃይል በጣም ትንሽ ነው፤ በርቀትም በፍጥነት ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች ከሰውነት 20 ሴንቲሜትር እንዲርቅ ይጽፋሉ፤ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሣጥን ይህን በቀላሉ ያሟላል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይፈትሹ

ገጣሚው መሰላሉን አጥፎ ከመሄዱ በፊት አብረውት ይዙሩ። ቀድሞ በወረቀት የጻፏቸው ነጥቦች ላይ ቆመው እንደገና ይለኩ፤ ሰው የሚሠራበት ቦታ ሁሉ ከ-67 የተሻለ ማሳየት አለበት። የቪዲዮ ጥሪ ከፍተው ከካውንተር እስከ መጋዘን ይራመዱ፤ አንዴ ፈዘዝ ብሎ ቢቀጥል ምንም አይደለም፤ ከተቋረጠ ግን የሣጥኑ ቦታ ይስተካከል። ተጠቅላይ በሩን አውርደው ካሜራው ከውጭ በሞባይል ዳታ የሚታይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ማታ የሚፈልጉት በሩ ወርዶ ሳለ ነውና። ብሬከሩን አውርደው መልሰው ያንሡና ሁሉም ሣጥን ያለ ማንም እርዳታ ራሱን አገናኝቶ መነሣቱን ይመልከቱ።

በመጨረሻ ሁሉም በርቶ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ እያንዳንዱን አዳፕተርና ሶኬት በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ማለቱ ጤናማ ነው። እጅ ለማሳረፍ የሚያስቸግር ከሆነ በዚያው ቀን ይንቀሉት፤ ሌላ ሳይተኩ ሱቅ ዘግተው አይሂዱ።